ከአልጋ እስከ ደጃፍ፦ የፖስተኛው ልጅ የሕይወት ታሪክ

ዘመንን በቁጥር፣ እርምጃን በልክ የሚሰጥ አምላክ ለእኅታችን የቆጠረላቸው ዕድሜ ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር ከሰባት ቀን ነው። ከፖስታ አዳይ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ለአራት ቤት አንድ የውኃ ቧንቧ በነበረበት ግቢ ውስጥ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው። አባታቸው ከሥራ ከተመለሱበት ሰዓት ጀምሮ ከእግራቸው ሥር ስለማይለዩ «ቴምብሬ» ብለው ስም አወጡላቸው፤ አንዴ ከተለጠፈች አትነሣም ለማለት ነው። ይህ ስም በግቢው አልቀረም። ከብዙ ዘመን በኋላ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲሆኑ እንኳ የሥራ ባልደረቦቻቸው በፊታቸው «ፕሮፌሰር»፣ ዞር ሲሉ «ቴምብር» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበርና፣ ማንንም ላለማሳፈር በሩን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ያስሉ ነበር።

አባታቸው የአካባቢውን ደጃፍ ሁሉ በቁጥሩ የሚያውቁ፣ የቆዳ ቦርሳቸውን በግራ ትከሻቸው አንግተው ቀኑን ሙሉ በእግራቸው የሚውሉ ሰው ነበሩ። እኅታችን ዘጠኝ ዓመት በሆናቸው በ1955 ዓ.ም. ግን አባታቸው በሰው ደጅ ላይ ቆመው መቅረት ጀመሩ። ደብዳቤው በእጃቸው ነው፤ የቤቱ ባለቤት እጁን ዘርግቶ ከፊታቸው ቆሟል፤ እግራቸው ግን ከበሩ ደፍ ላይ እንደ ተቸነከረ አይነሣም። በኋላ ሲነሣም በአጫጭር እርምጃ እያንደረደረ ይወስዳቸውና ግድግዳ ያቆማቸዋል። መጠጥ በከንፈራቸው ዞሮ በማያውቅ ሰው ላይ «ሰክሮ ደብዳቤ ያድላል» የሚል አቤቱታ ተጻፈ፤ ዓመት ሳይሞላም ከሥራቸው ተሰናበቱ። ሕመሙ ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ ሕመም እንደ ነበረ ቤተሰቡ ያወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ የነገሩንም ራሳቸው እኅታችን ናቸው።

በዚያው ዓመት እኅታችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አባታቸውን በገዛ ቤታቸው ደፍ ላይ ቆመው አገኟቸው። እናታቸው እጃቸውን ይጎትታሉ፤ ጎረቤት ከኋላ «ግፊያቸው እንጂ» እያለ ይመክራል። ትንሿ ቴምብር ቀኝ እግራቸውን ከአባታቸው እግር ፊት በአግድም አስቀመጡ። አባትም የልጃቸውን እግር እንዳይረግጡ ሲሉ ጉልበታቸውን አነሡ፤ ተሻገሩም። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባታቸው እስካረፉበት እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ቤት የአባት መሻገሪያ የልጅ እግር ሆነ። አባታቸው «ይህች ልጅ ጫማ የምትጨርሰው በእኔ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ማንም ይህን ዘዴ አላስተማራቸውም፤ እሳቸውም ለማንም አልነገሩም። እንደ ማንኛውም የቤት ሥራ፣ ውኃ እንደ መቅዳት፣ ቆጠሩት።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1964 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ታላቅ ወንድማቸው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዳይወጣ ሆኖ ገብቶ ነበርና፣ እሳቸው የሰውን አካል ለማጥናት ሲመርጡ «ሰውን ተካፈልነው ማለት ነው፤ ነፍሱን አንተ ያዝ፣ ጉልበቱን ለእኔ ተውልኝ» አሉት። ክፍፍሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጸና፤ አንዱ በሌላው ድርሻ አልፎ አልፎ መግባቱ ግን አልቀረም። በ1968 ዓ.ም. በፊዚዮቴራፒ ተመርቀው በሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በስትሮክ ግማሽ አካላቸው የሰነፈባቸውን፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገር ተራራ የሆነባቸውን ሰዎች ስድስት ዓመት ደግፈው አቆሙ። ከ1974 እስከ 1980 ዓ.ም. ባሕር ማዶ ተሻግረው በሰው እንቅስቃሴ ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ይዘው ተመለሱ።

ባሕር ማዶ ከመሻገራቸው በፊት፣ በ1972 ዓ.ም. ክረምት፣ ከሒሳብ መምህር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ትውውቃቸው የዚያው ክረምት መግቢያ ነው። በአውቶቡስ ወረፋ ላይ ቆመው ሳለ እኅታችን ከፊታቸው የቆመውን ሰው ጫማ አዩና «ይቅርታ፣ የግራ ጫማዎ ተረከዝ በውስጥ በኩል ብቻ ያለቀው ወገብዎን ስለሚያምዎ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። መምህሩም «ወገብ እንዳለኝ ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው» ይላሉ። እኅታችን ሰውን ከፊቱ ይልቅ ከጫማው ሶል መተዋወቅ ልማዳቸው ነበር። ባለቤታቸው ስለ አርባ ሦስት ዓመት ትዳራቸው ሲጠየቁ የሚመልሱት ይህን ነው፤ «ውሸቴ አልፎ አልፎ ያመልጣታል፤ ማነከሴ ግን አንድም ቀን አምልጧት አያውቅም።» በ1973 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1982 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ወለዱ። ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ባለቤታቸውና እናታቸው ልጅቱን በፈረቃ አሳደጉ። እኅታችንም ይህን ውለታ በየአጋጣሚው ያነሡ ነበር፤ ባለቤታቸው «ይበቃል፣ ተከፍሏል» ቢሏቸውም አልተዉም።

በ1985 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ቀድሞ የአንሶላ ማጠቢያ በነበረ ረጅም ክፍል ውስጥ፣ በአንጎልና በነርቭ ሕመም እንቅስቃሴያቸው የተጓደለ ሰዎች እንዴት እንደሚራመዱና መራመድንም እንዴት መልሰው እንደሚማሩ የሚያጠና የምርምር ቡድን አቋቋሙ። ሲጀመር ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እሳቸው፣ አንዲት ነርስና ከኪሱ ሽቦ ስለማይጠፋ «ሽቦ» የሚባል ወጣት መሐንዲስ። የሚመጣው ሕመምተኛ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይሰበስባል፤ በቁርጭምጭሚቱ፣ በጉልበቱና በዳሌው ላይ ብርሃን የሚመልሱ ትናንሽ ኳሶች ይለጠፉበታል፤ ከዚያም በካሜራዎቹ መካከል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥራ ሁለት ሜትር ይራመዳል። ካሜራው እያንዳንዱን እርምጃ በሳንቲ ሜትር ይቆጥራል። ክረምት በሆነ ቁጥር ክፍሉ የድሮ ሳሙና ይሸትት ነበር፤ ሕመምተኞቹም «ታጥበን መጣን» ይሉ ነበር።

ጠያቂና ጎብኚ ሁሉ ለማጽናናት የሚያመጣው አንድ ተረት ነበር፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው። እኅታችን ሰምተው ሰምተው ሲሰለቻቸው «መሄዱንስ ይሄዳል፤ እኛ እዚህ የተቀመጥነው ማን እንዳስኬደው ለማወቅ ነው» ማለት ጀመሩ። ይህች ቃል በኋላ በራሳቸው ላይ ተመልሳ መጣች።

በ1998 ዓ.ም. ቡድኑ የፓርኪንሰን ሕመም ላለባቸው ሰዎች የአሥራ ሁለት ሳምንት የእንቅስቃሴ ሥልጠና አዘጋጀ። አርባ አንድ ሰዎች ገቡበት። ከእነዚህ አንዱ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው በሕመሙ ምክንያት ጡረታ የወጡ፣ ሁሉም «ሾፌሩ» እያለ የሚጠራቸው ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ «ሩጫ አልፈለግሁም። ከአልጋዬ ተነሥቼ ያለ ሰው እጅ ደጄ ድረስ ልሂድና መንገዱን ልይ፤ ይኸው ነው» አሉ። እኅታችንም «ይሄዳሉ ጋሼ» ብለው ቃል ሰጡ። እንዲህ ያለ ቃል ለሕመምተኛ መስጠት ልማዳቸው አልነበረም፤ ለምን በዚያ ቀን እንደ ሰጡ ሲጠየቁ «ስለ ደጃፍ አነሡብኝ» ይሉ ነበር።

አርባ አንዱ ሰዎች ሥልጠናው ሳይጀመር በባዶው ወለል ላይ ተራምደው ተለኩ። ሥልጠናው በገባ በሁለተኛው ሳምንት አዳዲስ ካሜራዎች መጡ። ሽቦም ካሜራዎቹ ርቀትን አስተካክለው እንዲያነቡ ብሎ ወለሉን በአግድም፣ በየሃምሳ ሳንቲ ሜትሩ፣ በነጭ ፕላስተር አሠመረው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ እኅታችንም አመሰገኑት። ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ሰዎቹ በዚያው ክፍል፣ አሁን መስመር በተለጠፈበት ወለል ላይ ተለኩ። እርምጃቸው በሲሶ ረዘመ፤ ቆመው መቅረታቸውም ጠፋ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ቀነሰ። ሾፌሩ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ በአፋቸው የአውቶቡስ ክላክስ እያሰሙ ወጡ። ጥናቱ በ2000 ዓ.ም. ታተመ፤ ሥልጠናውን ሊማሩ ከሌሎች ሆስፒታሎች ባለሙያዎች መጡ፤ ለቡድኑም ሁለተኛ ክፍል ተሰጠው። መስመሩን ነገሬ ያለው ግን አልነበረም።

በጥር ወር 2001 ዓ.ም. ሾፌሩ በገዛ ወጥ ቤታቸው ደፍ ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። እኅታችን ከሆስፒታል እስኪወጡ ጠብቀው ቤታቸው ድረስ ሄዱ። ሾፌሩ ባለ አራት እግር ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። «እናንተ ዘንድ ስመጣ ጤነኛ ነኝ» አሏቸው፤ «ወደ ቤቴ ስመለስ ግን በሽታዬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።» ሚስታቸውም ከጓዳ «እዚያው ምድር ቤት አልጋ ይዘርጉልዎ ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያቸው ነበር» ብለው አከሉ። እኅታችን ግን አልሳቁም። የወደቁበትን ቦታ እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ። ሾፌሩ በምርኩዛቸው እየተረዱ እስከ ወጥ ቤቱ ደፍ ደረሱ፤ እዚያ እግራቸው ቀረ። ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ሲሚንቶ ነበር። እኅታችንም ሳያስቡት ቀኝ እግራቸውን ከሾፌሩ እግር ፊት በአግድም አስቀመጡ።

ሾፌሩ ተሻገሩ። እኅታችን ግን በደፉ ላይ ቆመው ቀሩ። የሾፌሩ ሚስት እንደ ነገሩን፣ ውኃ ጠይቀው ብርጭቆውን ከተቀበሉ በኋላ ሳይጠጡት ለረጅም ጊዜ በእጃቸው ያዙት።

ነገሩ ይህ ነው። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው እግሩን እንደ ልማዱ ሳያስብ ማንሣት ያቅተዋል፤ ዓይኑ የሚሻገረው ነገር ሲያገኝ ግን እግሩ ይታዘዘዋል። የአባታቸውን እግር ያነሣው የልጃቸው እግር ነበር፤ የአርባ አንዱን ሰዎች እግር ያነሣው ደግሞ ሽቦ የለጠፈው ፕላስተር ነበር። ሥልጠናው ለዚያ ሁሉ ምስጋና የበቃ አልነበረም። ሰዎቹም ድነናል ብለው፣ መስመር ወደሌለበት ቤታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ማለዳ እኅታችንና ሽቦ በጉልበታቸው ተንበርክከው መስመሩን አንድ በአንድ በቢላዋ ላጡት። ከሠለጠኑት ሰዎች ዘጠኙ ተጠርተው በባዶው ወለል ላይ ተራመዱ። ሰባቱ እርምጃቸው ከሥልጠናው በፊት ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ከእነዚህም ሦስቱ በክፍሉ መካከል ቆመው ቀሩ። ሽቦ «የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ በእኔ ይጻፍ» አለ። እኅታችንም «አንተ ብትለጥፍ ለካሜራው ብለህ ነው። እኔ ግን ሰባት ዓመት በእግሬ ያየሁትን ነው ያላየሁት፤ ስለዚህ በእኔ ይጻፋል» አሉት።

የፋኩልቲው ዲን በመልካም ሐሳብ «ማንም አላየም። ዝም ብለሽ አዲስ ጥናት ጀምሪ፤ አሮጌውን ጊዜ ይሸፍነዋል» ብለው መከሯቸው። እኅታችንም «አንድ ሰው ዳሌውን ሰብሯል» አሏቸው፤ «ከዚህ በላይ እንዴት ይታይ?» በዚያው ሳምንት ጥናቱ እንዲሰረዝ ለአሳታሚዎቹ ጻፉ። ሁለት ባልደረቦች ቡድኑን ለቀቁ፤ ሁለተኛው ክፍልም ተመልሶ ተወሰደ። ሥልጠናውን ለወሰዱት ሆስፒታሎችም ስሕተቱን አሳወቁ፤ አንዳንዶቹ በትሕትና፣ አንዳንዶቹ ያለ ትሕትና መለሱላቸው። በዚያ ሰሞን ወደ ታላቅ ወንድማቸው መጥተው፣ ድርሻቸው ያልሆነውን ጥያቄ ጠየቁ፤ «ስሕተቴን ለአሳታሚው ተናዘዝኩ፤ ይበቃል ወይ?» እሱም «የበደልሽው አሳታሚውን ነው?» አላቸው። ከዚህ የበለጠ አልተነጋገሩም። ንስሐ ከበዳይ ወደ ተበዳይ መሄድ አለበትና፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ብዙ ምክር አያስፈልገውም።

እኅታችን አርባ አንድ ደብዳቤ በእጃቸው ጻፉ፤ ምን እንደ ሠሩ፣ ምን እንዳላዩ፣ መስመሩ ምን እንደ ሆነ በቀላል ቃል አስረዱበት። በፖስታ ቤት አልላኩትም። እንደ አባታቸው ቦርሳ በግራ ትከሻቸው አንግተው ስድስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ በእግራቸው ዞረው አደሉት። ሦስቱ አርፈው ስለ ነበር ለልጆቻቸው አነበቡላቸው። አንዲት አሮጊት ደብዳቤውን ሰምተው ሲያበቁ «ታዲያ ያ ፕላስተር ከየት ይገዛል?» ብለው ጠየቁ። አብዛኞቹ ይቅር አሉ። ሾፌሩ ግን በር አልከፈቱም። ከውስጥ ለሚስታቸው ሲናገሩ እኅታችን በደጅ ሆነው ሰሙ፤ «ሠላሳ ዓመት ሰው ጭኜ አንድ ሰው አልጣልኩም። እሷ ግን እኔን ጣለችኝ። ሂጂ በያት።» እኅታችን ደብዳቤውን በበሩ ሥር አስገብተው ሄዱ።

በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ ተመልሰው ያንኳኩ ነበር። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። በስድስተኛው ወር ታላቅ ወንድማቸው «በቃሽ፤ ትሕትናም ልክ አለው» ቢላቸው «አባባ ደብዳቤውን ሳያደርስ ተመልሶ ያውቃል?» ብለው ጠየቁት።

በዘጠነኛው ወር የሾፌሩ ሚስት ሳይጠሩ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ሾፌሩ ለካ ደብዳቤውን በየማታው እያስነበቡ ያዳምጡ ኖሯል። «ማማሰያዎቼን ሁሉ ወለል ላይ ደርድረው ይሻገሯቸዋል» አሉ ሚስት፤ «ትናንት ጭልፋውንም ጨመሩበት። እኔ በምን ላማስል? እሷ ይቅርታዋን ለራሷ ትያዝ፣ መስመር ይዛ ትምጣ ብለዋል።» እኅታችን በዚያው ሰዓት ሽቦን አስከትለው ወጡ፤ የነጭ ፕላስተሩን ጥቅልሎች የያዙት በእጅ ቦርሳቸው ነው።

በዚያ ቤት መምህሩ ሾፌሩ ሆኑ፤ ፕሮፌሰሯ ተማሪ። ሽቦ እንደ ልማዱ በየሃምሳ ሳንቲ ሜትር ሊለጥፍ ሲል «ለማን እግር ነው? ለሰጎን?» ብለው አስቆሙት። ሲሞከር ልካቸው ሠላሳ ስምንት ሆነ። በወጥ ቤቱ ጠባብ መታጠፊያ ላይ እኅታችን በቦታቸው እንዲዞሩ ሲነግሯቸው «አውቶቡስ ጠባብ ቦታ ላይ መጀመሪያ ወጣ ብሎ ሰፊ ይይዛል፤ እናንተ ሰውን እንደ ብስክሌት ታጥፉታላችሁ» አሉ። በዚያው መንገድ መስመሩ ግማሽ ክብ ሆኖ ተለጠፈ፤ እግራቸውም አልቀረም። ከአልጋ እስከ ደጃፍ ሃያ ሦስት መስመር ሆነ።

ነሐሴ 19 ቀን 2002 ዓ.ም. ሾፌሩ ማለዳ ተነሡ። ማንም እንዳይጠጋቸው አዘው ስለ ነበር ሚስታቸው በጓዳ፣ እኅታችንና ሽቦ ደግሞ በውጭ ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ኋላ የበሩ እጀታ ዞረ፤ ሾፌሩ በነጠላ ጫማቸው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ። «ስድስት ቁጥሩ ዛሬም ዘግይቷል» አሉና ተመልሰው ገቡ። ሽቦ ሲናገር፣ ፕሮፌሰሯ ያን ቀን ወደ ቢሮ አልተመለሱም፤ በቀጥታ ወደ አባታቸው መቃብር ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ የሚሠራው በሰው ቤት ሆነ። ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በስድሳ ቤቶች፣ በየወጥ ቤቱ፣ በየመጸዳጃ ቤቱና በየበሩ ደፍ እየገቡ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ እግሩ ልክ መስመር ለኩ፤ በስትሮክ ለተጎዱትም እንደ ጉዳታቸው የሚስማማ መንገድ ፈለጉ። ይህን ጊዜ ግን ከመስመሩ ጋርም ያለ መስመሩም ለክተው፣ ምን ምንን እንዳስኬደ ለይተው አወቁ። በምድር ቤቱ በር ላይ «ከሰው ወጥ ቤት ያልተለካ አልተለካም» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ፤ ዛሬም አለ። ጥናቱ ሲታተም ከአዘጋጆቹ ስሞች ሁለተኛው የሾፌሩ ስም ነበር። ሽቦ «ሃያ ዓመት ሠርቼ በሾፌር ተቀደምኩ» ብሎ ሲያማርር፣ ሾፌሩ «ምን ታደርገዋለህ፤ መንገዱ የእኔ ነው» አሉት። እኅታችን በተማሪዎቻቸው ፊት ስለ ሁለተኛው ጥናት አንድ ጊዜ ካስተማሩ ስለ ተሰረዘው ሦስት ጊዜ ያስተምሩ ነበር። የተላጠውን ፕላስተርም በኳስ ቅርጽ ጠቅልለው በጠረጴዛቸው ላይ አኑረውት ነበር፤ ጎብኚ «ምንድን ነው?» ሲል «ዲግሪዬ ነው» ይሉ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ወደ ምድር ቤቱ መውረዳቸውን አልተዉም። ለቤተሰባቸው ትዕግሥተኛ፣ ለራሳቸው ግን ጨካኝ ነበሩ፤ ሌላው ጉድለታቸው መኪና ማቆም ነው፣ በዚህ በኩል ሾፌሩም ሊያስተምሯቸው ሞክረው ተስፋ ቆርጠዋል። የልጅ ልጆቻቸው ፈተና ሲወድቁ «የት ላይ እንደ ቆምክ አሳየኝ» ይላሉ እንጂ አይቆጡም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የልብ ድካም ያዛቸው። ሐኪሞቻቸው ደረጃ መውረድ ሲከለክሏቸው ማክሰኞ ወደ ቤታቸው ተዛወረና ቡድኑ ወደ እሳቸው መምጣት ጀመረ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. አልጋ ያዙ። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ሊጠይቋቸው መጥተው በጨዋታ መካከል አንድ ነገር ነገሯቸው፤ ለቀብር መሄድ ካቆሙ ቆይተዋል። በአንድ ወዳጃቸው ቀብር ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ በር ደፍ ላይ እግራቸው ቀርቶ፣ ሕዝቡ እየገፋቸው አልፎ፣ ሳይሰናበቱት ተመለሱ። ሌሎቹም ታማሚዎች እንዲሁ ናቸው አሉ፤ የራሳቸውን ሰው ሳይቀብሩ በደጅ ይቀራሉ።  በማግስቱ እኅታችን ሽቦን አስጠርተው የቤተ ክርስቲያኑን በር እንዲለካ ላኩት፤ ታላቅ ወንድማቸውም ከአስተዳዳሪው ፈቃድ እንዲያመጣ ታዘዘ፤ አመጣም። ስለ ሥራ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ለሽቦ የተናገሩት ነው፤ «ሠላሳ ስምንት ይሁን፤ ሃምሳ እንዳታደርገው።»

ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በአጠገባቸው ሳሉ፣ ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን፣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ አባላት ያሉትን የምርምር ቡድናቸውን፣ እንዲሁም በደጃፋቸው ቆመው መንገዱን የሚያዩ ብዙ ሰዎችን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ በበሩ ደፍ ላይ ነጭ መስመር አይታችሁ ምን እንደ ሆነ ሳትጠይቁ አትቀሩም። የተለጠፈው በእኅታችን ትእዛዝ ነው። እሱን ተሻግረው ገብተው በግራ በኩል የተቀመጡት ሠላሳ ሁለት ሰዎች ለብዙ ዘመን የቀብር ሥርዓት ላይ ሳይገኙ የኖሩ ናቸው። አሁን ተነሥተን ወደ መቃብሩ ስንወጣ፣ በእኅታችን ኑዛዜ መሠረት ከአስከሬኑ ቀጥለው ከሰው ሁሉ በፊት የሚሄዱት ሾፌሩ ናቸው፤ ፍጥነቱንም የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። አምስት ደቂቃ የሚወስደው መንገድ ሃያ ደቂቃ ይወስድ ይሆናል። እባካችሁ ማንም አይቅደማቸው። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቢቆሙ አትጎትቷቸው፤ ከኋላም አትግፏቸው። መስመሩ አለላቸው፤ ይሻገራሉ።

አባታቸውን በእግራቸው ያሻገሩትን፣ ያጠፉትን ደጅ ለደጅ ዞረው የተናዘዙትን እኅታችንን አምላካችን በምሕረቱ ይቀበልልን። በሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ መቅረት ምን እንደ ሆነ ከልጅነታቸው ያውቁ ነበርና፣ እሱ በመንግሥቱ ደጃፍ ላይ ሳያቆም ያስገባቸው። አሜን።